በከዘራው በኩል

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ይህ ደብተር የተገዛው ለእኔ አይደለም። ሐኪሙ "የሚራመዱትን በየቀኑ መዝግቡ" ስላሉ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ገዛችው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ "የአባባ እርምጃ" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እትዬ ካሰመረች ክርክሩ አበቃ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

የዛሬ መዝገብ፦ ከበሩ እስከ ደረጃው አፍ ዘጠኝ እርምጃ፣ ለመመለስ ዘጠኝ። ድምር ዐሥራ ስምንት። ገጹ ገና ሃያ ምናምን መስመር ይቀረዋል። ሃያ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ባዶ ወረቀት አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። የተረፈውን እኔ እጽፍበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባን ከወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ከእሳቸው ጋር ተኳረፉ፤ ንግግራቸው ጭራሽ ጠፋ። እኔ ቤት የገቡት ለሆስፒታሉ ስለሚቀርብ ነው። ቅርበቱ የሆስፒታሉ ነው፤ የእኔና የእሳቸው አይደለም። ሐኪሙ "የሚመለሰው በዐሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል" አሉ። እትዬም የሐኪሙን ቃል ተቀብላ ሕግ አወጣችበት፦

"በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት እመጣለሁ። ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወርደው፣ ትንሽ ሄደው፣ በእግራቸው ከወጡ እዚሁ ይቆያሉ። ካልሆነ ይዣቸው እሄዳለሁ። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም። አንተም እንደ ልብህ ትሆናለህ።"

"ምክንያታዊ ነው" አልኳት።

አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአንገት መልመጃ ታዞላቸዋል፤ እሱ ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ሃያ ሁለት።

ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ አሉ። ሕንጻው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። ቀን ቀን አባባ ጋ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። "ከግድግዳዬ ጋር ከማወራ ካንተ አባት ጋር ባወራ ይሻለኛል፤ እሳቸው ቢያንስ ይገላምጡኛል" ይላሉ። ጉልበታቸው ግን ሰው ደግፎ ደረጃ አይወርድም፤ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አባባን ማራመድ የእኔ ድርሻ ነው።

ስለ ሥራዬም ልጻፍ፣ ወረቀቱ የእትዬ ነው። አሳታሚ ድርጅታችን ከተዘጋ ወዲህ ጌም የሚሠሩ ስድስት ሰዎች ዘንድ ተቀጥሬያለሁ። ቢሯችን ከአንድ መስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ መስታወት ይጮሃል፤ ከላይ እኛ ስለ ስሜት እናወራለን።

ጌሙ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ሽማግሌ አባቷን ከቤት እስከ ጀልባ መሳፈሪያው ትሸኛለች። ተጫዋቹ በጆይስቲኩ ልጅቷን ይመራል። አባትየውን የሚመራው የለም፤ በራሱ ፍጥነት ይከተላል። ጠላት የለ፣ ጥይት የለ፣ ነጥብ የለ። እኔ የተቀጠርኩት ሽማግሌው መንገድ ላይ የሚናገረውን ልጽፍ ነው። እስካሁን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ መስመር ጽፌለታለሁ። በጣም ብልህ ሽማግሌ ወጥቶታል። አንዳንዴ እኔ ራሴ ምክር ልጠይቀው ያምረኛል።

ኮዱን የምትጽፈውን ሴት በልቤ መቀስ እላታለሁ፤ የሰጠኋት ጽሑፍ ሁልጊዜ አጥሮ ነው የሚመለሰው። በልቤ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቢሮው ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ጭምር። ዛሬ ወንበሯን ወደ እኔ አንከባለለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሰውየው 'ደክሞኛል፣ ልጄ' ይላል።"

"አዎ።"

"የደከመው ሰው ምን ያስወራዋል?"

ባለጌ መሆኗን እዚህ መዝግቤያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ አርባ። አንድ ፎቅ ወረድን። መውጣቱ ከመውረዱ በላይ ስለፈጀ ቢሮ ዘግይቼ ገባሁ።

ሠዓሊያችን አንድ ፍላሽ ሰጠኝ። መቀስ ቤቷ ለብቻዋ የሠራችው ትንሽ ጌም ነው፤ ስሟ እንኳ የለበትም። ክፍሉ አንድ ነው፣ ዕቃ ሞልቶታል። የአንዲት እናት ቤት እንደሆነና እናትየው እንደሌለች ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ሥራህ ዕቃውን ወደ በር ማውጣት ነው። አንድ ቁልፍ ለግራ እጅህ፣ አንድ ቁልፍ ለቀኝ። ዕቃው ግን ሁልጊዜ ሦስት ሦስት እየሆነ ነው የሚቀርብልህ። ሁለቱን አውጥተህ ስትመለስ ሦስተኛው የለም። መነጽሩንና ራዲዮውን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ የቤት ጫማው የለም።

አንድም ቃል የለበትም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት ዕቃዎች ፊት እንደ ቆምኩ ቀረሁ፤ ሠዓሊው ኮምፒውተሩ የደረቀ መስሎት መጥቶ ኪቦርዱን ነካካ።

እያሰብኩበት ነው። መጽሐፍ "ማጣት ከባድ ነው" ይልሃል፤ አንተም "እውነት ነው" ትልና ገጽ ትገልጣለህ። ይሄኛው ምንም አይልህም። ሁለት እጅ ይሰጥህና ይተውሃል። የቤት ጫማውን የተወው ገጸ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ እፈርድበት ነበር። የተወው ግን አውራ ጣቴ ነው።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

"የእናትሽ ቤት ነው?" አልኳት።

"ጌም ነው፣ ጋሼ።" ስክሪኗን ሳትለቅ፣ "ከቤት ጫማውና ከራዲዮው የቱን ወሰድክ?"

"ራዲዮውን።"

"ሁሉም ራዲዮውን ነው የሚወስደው።"

ምሳ ሰዓት ላይ ከምሳዋ ቆርሳ ሰጠችኝ።

እርምጃ፦ አርባ አራት።

ዓርብ፣ ሦስተኛ ሳምንት

የመጀመሪያው ሙከራ። ጌሙን አይተውት የማያውቁ ስምንት ሰዎች መጡ፤ እኛ ከኋላቸው ቆመን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አየናቸው። መናገር ክልክል ነው፤ ለእኔ ከባድ ክልከላ።

ስምንቱም ሮጡ። ልጅቷን አስነሥተው በቀጥታ ወደ ጀልባው። ሽማግሌው ከኋላ የጻፍኩለትን ሁሉ ይናገራል፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ልጅቷ ልጅነት። በተለይ ስለ እርጅና ያለው በጣም ጥሩ ነው፤ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ትከሻው በር የሚያክል፣ ጀልባው ጋ ደርሶ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

"አራት ደቂቃ!" አለ። አሸንፏል።

አለቃችን አላስቻለውም። "ሽማግሌውስ?"

"ይመጣሉ" አለ ሾፌሩ። "ሲያወሩ ይሰማኛል'ኮ።"

ሽማግሌው አንድ መታጠፊያ ላይ አጥር ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ስለ እርጅና ይናገራል።

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ መቶ ሃያ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ወጣን። ከሕንጻው በር ወደ መብራት ምሰሶው ጥቂት ሄደን ሳንደርስ ተመለስን።

አባባ እንዳይሰለቻቸው መንገዱን ሁሉ አወራቸዋለሁ። ጋዜጣው ምን አለ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ተፈታ፣ አየሩ፣ የመስታወት ቆራጩ ጸባይ። ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሜ መንገዱን አይላቸዋለሁ፤ ድንጋይ ካለ በእግሬ ገፋ አደርጋለሁ። ጥሩ አሠራር ነው ብዬ ነበር።

ሲስተር በራቸው ላይ ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቁ ጽዳት ሠራተኛ እንዲህ አሉ፦ "ፖሊስና ተጠርጣሪ እንኳ ቢሆኑ'ኮ ተጠርጣሪው ነው ከፊት የሚሄደው።"

አልሰማሁም አልኩ። ጆሮዬ ቀልቷል ብላ የነገረችኝ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

አባባ ደረጃው ሥር ሲያርፉ የጃኬቴን ትከሻ እያዩ ነበር። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በእሳቸው ሱቅ በር ያለፈ ሙሽራ ሁሉ ትከሻው ቀጥ ያለ ነበር። እኔ መቀሱን ትቼ ወደ መጽሐፍ ስሄድ ምንም አላሉም። የተሰፋ ልብስ ከሱቅ ገዝቼ የለበስኩ ቀን ግን አንድ ነገር ብለውኛል፦ "ትከሻው ያንተ አይደለም።" ከዚያ ወዲህ ብዙ አላወራንም። አሁን ደግሞ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ብቻዬን ሳስበው፣ ጃኬቱ በእርግጥ ወደ ግራ ያጋደለ ነው።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ዘጠና። ሥራ በዛ። አለቃ "ሰው እንዳይሮጥ ሽማግሌው የበለጠ ይናገር" አለ። ሦስት መቶ መስመር እስከ ሰኞ። ጠዋት ቸኩያለሁ፣ ነገም እቸኩላለሁ።

ቅዳሜ፣ አምስተኛ ሳምንት

ሦስት መቶው አለቀ። ሽማግሌው አሁን "ቀስ በይ" የሚልበት አርባ አንድ መንገድ አለው። አንዱም አይደገምም። እኮራበታለሁ።

እርምጃ፦ ሲስተር ቆጥረዋል መሰለኝ። ልጠይቃቸው።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ዜሮ። ምክንያት፦ ዝናብ።

ሐሙስ፣ ስድስተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ዜሮ። ምክንያት፦ ዝናብ።

እትዬ ደወለች። "እንዴት ናቸው?" "ደህና ናቸው።" "እርምጃውስ?" "ዝናብ ነው።" "እዚያም?" አለች። እዚህም አልኩ።

እሑድ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ዝናብ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወደቁ። እኔ አራት ደረጃ ቀድሜ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ እያወራሁ ነበር። ድምፅ አላሰሙም፤ ድምፅ የላቸውም። የሰማሁት ከዘራው ደረጃ ለደረጃ ሲወርድ ነው። አልፎኝ ሄደ። እኔም፣ ይህን መጻፍ አለብኝ፣ መጀመሪያ ያነሣሁት ከዘራውን ነው።

በግራ ጎናቸው ነው የወደቁት። አጥንት አልተሰበረም፤ ሐኪሙ አይተዋል፤ ጎናቸው በልዟል። ስመለከታቸው አልተቆጡም። እዚያ ደረጃ ላይ እንደ ተቀመጡ በደህናው እጃቸው ሱሪያቸውን አራገፉና የካውያ መስመሩን አስተካከሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሳምንት ቀረ። እትዬ ብትወስዳቸው ምክንያታዊ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በፊትም ጽፌዋለሁ፤ አርታኢ ሳለሁ ቢሆን ድግግሞሽ ነው ብዬ እሰርዘው ነበር።

ዓርብ፣ ሰባተኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ዐሥራ ሁለት፣ ቤት ውስጥ።

ሁለተኛው ሙከራ ዛሬ ነበር፤ ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ።

አዲሶቹን ሦስት መቶ መስመሮች ትናንት ማታ አርሜ ስጨርስ ፋይሉን አዲስ ስም ሰጠሁት። "የመጨረሻው" የሚል አለ፣ "የመጨረሻው የታረመ" የሚልም አለ፤ ስለዚህ ይህንን "የመጨረሻው በእርግጥ" አልኩት። አሳታሚ ድርጅቱ ውስጥ እንዲህ ነበር የምንሠራው። ኮዱ ግን የድሮውን ስም ይፈልጋል፤ ሲያጣው ደግሞ አይጮህም፤ ዝም ይላል። ስምንቱ ሰዎች ተቀመጡ፤ ጌሙ ተከፈተ፤ ሽማግሌው ዲዳ ሆነ።

ላስቆመው ብዬ ስነሣ መቀስ እጅጌዬን ያዘችኝ። "ቆይ፣ ጋሼ። እያቸው።"

ልጅቷ ሮጠች፤ ሁሉም እንደሚያደርጉት። ከዚያ አንዲት ሴት፣ የመጀመሪያዋ፣ ቆመችና ልጅቷን ወደ ኋላ አዞረች። ሽማግሌው ሩቅ ነው፤ ይመጣል። ጠበቀችው። ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ ዞረች። አጠገቧ ያለውም ዞረ። ከስምንቱ ስድስቱ እየዞሩ ያዩ ነበር። ማንም ቀስ በሉ አላላቸውም፤ አርባ አንዱም መንገድ ተዘግቶ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ጀልባው ጋ ስትደርስ ሰዓቱን አልጠየቀችም። "ሰውየው ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?" ብላ ጠየቀች።

ከታች መስታወት ብቻ ነበር የሚጮኸው።

ሲወጡ መቀስ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለእሷ ረጅም ንግግር ነው። "ሲያወራ አለ ማለት ነው። ካለ ደግሞ ማን ዞሮ ያያል?"

እሑድ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ከምሳ በኋላ አባባ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። ጎናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ቢጫ ጥሩ ነው ይላሉ ሲስተር።

ከዓርብ ጀምሮ የሚመላለስብኝ ነገር ይህ ነው። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ መስመር የጻፍኩት ተጫዋቹ ሽማግሌውን እንዲወደው ነው። ሠራሁት ያልኩት ፍቅር ነው፤ ሠርቼ የተገኘሁት ግን ተጫዋቹ ዞር እንዳይል የሚያደርግ ራዲዮ ነው። ሁሉም ራዲዮውን ነው የሚወስደው ያለችው ትዝ አለኝ።

ጌሙን በተመለከተ የምጽፈው ይህን ያህል ነው። ስለ ሌላ ነገር እየጻፍኩ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ስብሰባ። አለቃ፣ "እንግዲህ ምን እናድርግ?" ሲል ሁሉም እኔን ላለማየት ጠረጴዛውን ያያል። የጠረጴዛው እንጨት ያን ያህል አያምርም።

"ቃሉ ይውጣ" አልኩ።

"ስንቱ?"

"ሁሉም።"

አለቃ ሳቀ፤ ከዚያ መቀለዴ እንዳልሆነ አየ። "ቃሉ ከወጣ አንተ ምን ትሠራለህ?"

"የጌሙ መክፈቻ ገጽ ላይ 'ጀምር' እና 'አቁም' የሚሉ አሉ። እነሱን አርማለሁ።"

ማንም አልሳቀም። መቀስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፌን ሳትቆርጥ አሳለፈች፤ የሚቆረጥ ስለሌለ ነው።

እርምጃ፦ ሠላሳ። ወደ ደረጃው ሲጠጉ ከዘራው ይንቀጠቀጣል። ሰውየው አይደለም፣ ከዘራው ነው።

ቅዳሜ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ላፕቶፑን ቤት አመጣሁት። ድምፅ አልባውን ቅጂ ላየው ስከፍት አባባና ሲስተር ሶፋው ላይ ነበሩ። ሲስተር መነጽራቸውን አወረዱ።

"ይቺ ልጅ ናት የምትሸኛቸው?"

"አዎ፣ ሲስተር።"

"የሰውየው የታመመው ግራ እግሩ አይደለም? እያነከሰ ነው።"

"ግራው ነው።" ሠዓሊው ሲያነክስ ሲስል እኔን ነው የጠየቀኝ፤ እኔም በአባባ አሳየሁት።

"ታዲያ ልጅቷ በከዘራው በኩል ምን ትሠራለች?" አሉ። "በዚያ በኩል'ኮ ከዘራው አለ። ሰው የሚወድቀው ከዘራ በሌለበት በኩል ነው። እዚያ ቆማ ምኑን ልትይዝ ነው፣ ሲወድቁ ልታጨበጭብ ነው?"

ልጅቷ የት እንደምትቆም ለሠዓሊው የጻፍኩለት እኔ ነኝ፦ "በቀኝ በኩል፣ ትንሽ ቀደም ብላ።" ስጽፍ ብዙ አላሰብኩበትም። የማውቀውን ነው የጻፍኩት።

ሲስተር ላፕቶፑን ትተው እኔን አዩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ ልጅ፣ ያን ዕለት በየት በኩል ነበርክ?"

"በቀኝ።"

"ስንት ደረጃ ቀድመህ?"

"አራት።"

ከንፈራቸውን መጠጡ። አባባ ስክሪኑን ያዩ ነበር። ልጅቷ ቆማለች፣ ሽማግሌው ይመጣል። ጆይስቲኩን ሳልነካው ቆየሁ።

ሰኞ፣ ዐሥረኛ ሳምንት

እርምጃ፦ ስልሳ ስድስት።

በግራ በኩል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። ሲስተር ከታች ሆነው "እንደዚያ! አፍህን ዝጋና እንደዚያ!" እያሉ መሩን። አፍ መዝጋቱ ከደረጃው በለጠ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ የጋዜጣ ወሬ እስከ ጥርሴ መጥቶ ተመለሰ።

ዝም ብለህ ስትሄድ የሚሰማ ነገር አለ። ትንፋሻቸው በአምስተኛው ደረጃ ይለወጣል። ግራ እግራቸው ከመነሣቱ በፊት ትከሻቸው ይነሣል። የደከማቸው ጊዜ ያውቁታል፤ ያርፋሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኔ ስድስት ሳምንት "ደከመዎት? ደከመዎት?" ስል መልሱ ትንፋሻቸው ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ዐሥረኛ ሳምንት

መቀስን "ልጅቷ በግራ ትሁን" አልኳት። ለምን አላለችም። ጠዋት ስመጣ ሌላ ነገር ጨምራለች። በግራ በኩል፣ በእሱ ፍጥነት ለትንሽ ጊዜ ከሄድክ፣ ሽማግሌው እጁን የልጅቷ ክንድ ላይ ያሳርፋል።

አለቃ መጥቶ አየ። "ግሩም! ቁልፉ የትኛው ነው?"

"ቁልፍ የለውም።"

"ማለት?"

"አትይዘውም። እሱ ነው የሚይዝህ። አንተ እዚያ መሆን ብቻ ነው።"

"ማንም ሳያገኘው ቢቀርስ?"

"ያላገኘው አላገኘውም" አለች መቀስ፣ እና ጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች።

አለቃ ወደ እኔ ዞረ፤ ጽሑፍ እንድጨምርበት ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ፤ አንዲት ትንሽ መስመር፣ "ቀስ ብትይ ይይዝሻል" የምትል። ራሴን ነቀነቅሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፍተ ነገር እምቢ አልኩ።

እርምጃ፦ መቶ አራት። እስከ ምድር ቤት ወርደን ወጣን፤ መንገድ አልወጣንም። እጃቸው ከጎናቸው እንደ ተንጠለጠለ ነው። እጅ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ ዐሥራ አንደኛ ሳምንት

እርምጃ፦ መቶ ሠላሳ። ምሰሶው አልደረስንም።

እትዬ ደወለች። "እሑድ እመጣለሁ። ትልቁን ሻንጣ ይዤ ነው የምመጣው፤ ልብሳቸውን አዘጋጅ።"

"ምክንያታዊ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ወጣ። "እትዬ፣ ያን ጊዜ ዝናብ አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ሲስተር በማግስቱ ነው የደወሉልኝ።"

አምስት ሳምንት ሙሉ ጠብቃኛለች። ልብሳቸውን አላዘጋጀሁም።

ዓርብ፣ ዐሥራ አንደኛ ሳምንት

ያ የጭነት መኪና ሾፌር ድጋሚ ለሙከራ መጣ። እኛ ከኋላ ቆምን። ሮጠ። መታጠፊያው ላይ ዞረ፤ ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ በከዘራው በኩል ሄደ፤ ምንም አልሆነም። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሳያስበው ወደ ግራ ገባ። ሽማግሌው እጁን ክንዷ ላይ አሳረፈ። የሾፌሩ ትከሻ፣ በር የሚያክለው፣ ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ነበር የያዘው።

ሲጨርስ አለቃ፣ "ስንት ደቂቃ?" አለው።

"አልያዝኩም" አለ፤ ኮፍያውንም ረስቶ ሄደ።

እሑድ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ሳምንት

እትዬ በአራት ሰዓት ገባች፤ በአንድ እጇ ባዶ ሻንጣ፣ ሌላውን ዘርግታ። ሰላምታ መስሎኝ ነበር።

"ደብተሩን አምጣ።"

"የቱን?"

"እኔ የገዛሁትን።"

ደብተሩ የማን እንደሆነ በእውነት ረስቼው ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን፣ ካየሁ ወራት አልፎኛል። ሰጠኋት። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ከፈተችው። ሰው ያሳተመውን ሲያነቡበት የሚፈራውን ፍርሃት ሃያ ዓመት በሌሎች ላይ አይቻለሁ፤ አሁን ገባኝ።

"እናንተ ውረዱ" አለች ቀና ሳትል። "እኔ በመስኮት አያችኋለሁ።"

ወረድን። በግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። በአምስተኛው ደረጃ ትንፋሽ፤ ዕረፍት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የወደቁበት ደረጃ ጋ፣ አባባ ቆሙና ደረጃውን አዩት፤ ከዚያ እንደማንኛውም ደረጃ ረግጠውት አለፉ። ሲስተር በራቸውን ገርበብ አድርገው ነበር። ምንም አላሉም፤ ይህም ለእሳቸው የመጀመሪያ ነው።

መንገድ ወጣን። ዝም ብለን ሄድን። ምሰሶው ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ክንዴ ላይ ክብደት መጣ። አላየሁም። ባይ የሚሄድ መሰለኝ። ግራ እጃቸው ነበር። ያኮረፋቸው እጅ።

ምሰሶው ጋ ቆምን። ከወደቁ ወዲህ እዚህ ደርሰን አናውቅም፤ ከዚያ በፊትም አልደረስንም። አባባ ወደ እኔ ዞሩ፣ የጃኬቴን ትከሻ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያ እጅ ከክንዴ ላይ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፣ ሌላ ሰው የሚያነሣው ይመስል፤ በሁለት ጣት የትከሻውን ስፌት ያዘና ወደ ታች ሳብ አደረገው። አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ ክንዴ ተመለሰ።

ትከሻው አልተስተካከለም። የፋብሪካ ነው።

መውጣቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ስንገባ እትዬ መስኮቱ ጋ ነበረች፤ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ስለ ደብተሩ አላነሣችም። ምሳ በላን። አባባን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ እኔን "ጃኬት ግዛ" አለችኝ። ሻንጣዋን እስከ ታች ልሸከምላት ብዬ አነሣሁት፤ ቀለለኝ። አሁንም ባዶ ነበር።

ከሄደች በኋላ ነው ደብተሩን የከፈትኩት። የዛሬውን ቀን ከላይ የጻፈችው እሷ ናት፤ ለእኔ ቦታ ትታ፣ የገጹ ግርጌ ላይ በእጅ ጽሑፏ፦

"እርምጃ፣ በመስኮት የቆጠርኩት፦ ሁለት መቶ ስድስት። በግራ በኩል። አባባ እዚሁ ናቸው።"

ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።